ለታዳጊ ልጅ የኤዲኤችዲ መድኃኒት ባሕር ዳር ላይ እንዴት ይገኛል? ከትምህርት ቤት ደብዳቤ እስከ መድኃኒት ቤት መስኮት

ሰሞኑን ሁለት እናቶች በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ታሪክ ነገሩኝ። ልጃቸውን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ግማሽ ቀን ተሰለፉ። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ግን እጃቸው ላይ ምንም ወረቀት አልነበረም። «ስለ ትምህርቱ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ» ተብለው ለሌላ ወር ተቀጠሩ። አንዷ በስንት ምልልስ ማዘዣ ካገኘች በኋላ ደግሞ መድኃኒቱን ፍለጋ ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ማዶ በባጃጅ ስትዞር ዋለች። አላገኘችም።

እኔም ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ ላለበት ልጄ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ መጀመሪያው ክኒን አራት ወር ፈጀብን። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ቅደም ተከተሉን ባለማወቄ የጠፋ ጊዜ ነው። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው። እዚህ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገሩ ነገሩ እንዲገባችሁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ ማስረጃ ሰብስቡ

ለዚህ ደረጃ ሁለት ሳምንት መድቡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ በኋላ የሚመልሰውም ይኸው ነው።

ኤዲኤችዲ በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅም። ሐኪሙ የሚወስነው በታሪክ ነው። የሚፈልገውን አስቀድማችሁ እወቁ፦

- ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት ጀምረዋል ወይ?
- ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ ይታያሉ ወይ?
- 6 ወርና ከዚያ በላይ ቆይተዋል ወይ?
- ኑሮውንና ትምህርቱን በእርግጥ እየጎዱ ነው ወይ?

ትኩረት ከማጣት 9 ምልክቶች፣ ከመቅበጥበጥና ከችኩልነት ደግሞ ሌሎች 9 ምልክቶች አሉ። ዕድሜው ከ17 በታች ለሆነ ልጅ ከአንደኛው ወገን ቢያንስ 6 ይፈለጋሉ። 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው 5 ይበቃሉ።

አሁን እነዚህን ሰብስቡ።

*የድሮ ሰርተፊኬቶች።* ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉትን ፈልጉ። ውጤቱ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። ከታች መምህሩ የጻፈው አስተያየት፣ «ይረብሻል»፣ «ሐሳቡ ይበተናል»፣ «የቤት ሥራ አይሠራም» የሚለው፣ ከ12 ዓመት በፊት ለመጀመሩ ጥሩ ምስክር ነው። ከጠፋ የቀድሞውን መምህር ፈልጋችሁ ሁለት መስመር አስጽፉ።

*የትምህርት ቤት ደብዳቤ።* ከክፍል ኃላፊው መምህር ጠይቁ። «ጥሩ ተማሪ ነው፤ ግን ሰነፍ ነው» የሚል ደብዳቤ ለሐኪሙ አይጠቅመውም። መምህሩ ያየውን በቁጥር እንዲጽፍ ለምኑት፦ በሳምንት ስንት ጊዜ ደብተር ይረሳል፣ ጀምሮ የማይጨርሰው ሥራ ምን ያህል ነው፣ ስንት ጊዜ ከመቀመጫው ይነሳል። ማኅተም ይኑረው። መምህሩ ጊዜ የለኝም ካለ፣ እናንተ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡትና መልሱን ብቻ ይሙላ። እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነበር፤ በአንድ ቀን ተመለሰልኝ።

*የቤት ማስታወሻ።* ለ14 ቀን በደብተር መዝግቡ። ስንት ሰዓት ተኛ፣ የቤት ሥራ ስንት ሰዓት ጀመረ፣ መቼ ተወው፣ ምን ጠፋበት፣ በምን ተጣላ። አጭር ይሁን።

*የቤተሰብ የልብ ታሪክ።* ይህን አደራ እላችኋለሁ። በእናትም በአባትም ወገን በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? ልጁ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ያውቃል? ደረቱን ያመዋል? በሕፃንነቱ የልብ ችግር አለበት ተብሎ ነበር? ዋናው የኤዲኤችዲ መድኃኒት፣ ሜቲልፌኒዴት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ መልሱ ውሳኔ ይቀይራል። አያቶችን ጠይቁ። እነሱ ያስታውሳሉ።

ሴት ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቹ አይረብሹም። ዝም ብለው መስኮት እያዩ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ማንም አያያቸውም። መምህሯ «ጸባየኛ ናት» ቢሉ እንኳ ጉዳዩን አትተዉት።

ደረጃ 2፦ ልጁን አናግሩት

በጉርምስና ያለ ልጅ በግድ መድኃኒት አይወስድም። ከምላሱ ሥር ይደብቀዋል፣ ወይ ይጥለዋል። ስለዚህ ከሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው፣ ምናልባት ሐይቁ ዳር እየተራመዳችሁ፣ ችግሩ ስንፍና እንዳልሆነ ንገሩት። ሐኪም ጋ የምትሄዱት ሊረዱት እንጂ «አብዷል» ለማሰኘት እንዳልሆነ በግልጽ ይስማ።

ከዚያ ከባዱን ጥያቄ ጠይቁት፦ ጫት ቅሞ ያውቃል? ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት እንደ ልብ ነው፤ ብዙ ልጅ «ለጥናት» ብሎ ይጀምረዋል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። የኤዲኤችዲ ዋና መድኃኒትም አነቃቂ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ልብ ላይ ጫናው ይበረታል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ጥርጣሬና መረበሽ ሊመጣ ይችላል። የኃይል ሰጪ መጠጥ የሚያዘወትር ከሆነም ማወቅ አለባችሁ።

እውነቱን ለእናንተ መናገር ካልፈለገ ለሐኪሙ ብቻ ይንገረው። ቀጠሮው ላይ ለአሥር ደቂቃ ውጡላቸው። ነግሯችሁ ከሆነ ደግሞ አትቆጡ። ከተቆጣችሁ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ደረጃ 3፦ ሌላ ምክንያት እንደሌለ አረጋግጡ

ጤና ጣቢያም ሆነ ክሊኒክ በምትሄዱበት በመጀመሪያው ቀን እነዚህ እንዲታዩ ጠይቁ፦ ዓይንና ጆሮ፣ የደም ማነስ፣ አንገቱ ላይ እብጠት ካለ የእንቅርት ምርመራ። የእንቅልፉን ነገርም ተናገሩ። በሌሊት እስከ 8 ሰዓት ስልክ ላይ የሚያመሽ ልጅ ጠዋት ትኩረት ቢያጣ አይገርምም።

ልጁ ለሰኮንዶች ዓይኑ ፈዞ፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ከሆነ ለይታችሁ ንገሩ። እንዲህ ያለው የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። ቢቻል ሲሆን በስልክ ቅረጹት።

ደረጃ 4፦ በመንግሥት በኩል ለመሄድ

1. መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በቀጥታ ሆስፒታል አትሂዱ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካላችሁ ያለ ሪፈር ወረቀት ስትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። የመድን መታወቂያው የዘንድሮ እድሳት እንዳለውና የልጁ ስም መመዝገቡን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

2. ሪፈሩ ላይ ክፍሉ ይጻፍ። «ለአእምሮ ሕክምና ክፍል» የሚል እንዲኖርበት ጠይቁ። «ለከፍተኛ ሕክምና» ብቻ ከተባለ ከክፍል ወደ ክፍል ስትዞሩ ትውላላችሁ። ማኅተሙንና ቀኑን እዚያው ቆማችሁ እዩ።

3. የቱ ሆስፒታል እንደሆነ ለዩ። ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ግን በአዴት መንገድ ከከተማው ወጣ ይላል፤ የመጓጓዣ ጊዜ ጨምሩ። ከጎርጎራና ከደንቢያ በኩል ላላችሁ ጎንደር ይቀርባችኋል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

4. በጠዋት ድረሱ። ከሐሙሲት፣ ከመራዊ ወይም ከዘጌ የምትመጡ ብትችሉ ዋዜማውን ከተማ እደሩ። ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ (ሕመምተኛ የሚለይበት ክፍል)፣ ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ነው ሂደቱ። ልጁ አብሯችሁ መኖር አለበት። ያለ ልጁ ሄዶ «መድኃኒት ጻፉልኝ» ማለት አይሠራም።

5. የሐኪሙን ማዕረግ ጠይቁ። በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሳይካትሪ ነርሶች፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችና ሳይካትሪስቶች (የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች) አብረው ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ምርመራ ማንም ቢያደርገው ችግር የለውም። እንደ ሜቲልፌኒዴት ቁጥጥር ለሚደረግበት መድኃኒት ግን ስፔሻሊስቱ እንዲያየው በትሕትና ጠይቁ።

*እዚህ ላይ ሲበላሽ፦* እኛ ለሦስተኛ ቀጠሮ ስንሄድ የልጄ ካርድ አልተገኘም። ደብዳቤው፣ ማስታወሻው፣ የሐኪሙ ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እንደገና ከዜሮ ጀመርን። ስለዚህ የምትሰጡትንም የምትቀበሉትንም ወረቀት ሁሉ፣ ከማስረከባችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የካርድ ቁጥሩንም ያዙ።

ደረጃ 5፦ በግል በኩል ለመሄድ

መንገዱ ያጥራል፤ ወጪው ይጨምራል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሳይካትሪስቱ በየትኛው ቀንና ሰዓት ይገኛል? ከ18 ዓመት በታች ያያል? ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት በልዩ ማዘዣ ይጽፋል? ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ ምርመራውን እዚያ አድርጋችሁ ለማዘዣው መንግሥት ሆስፒታል ትመለሳላችሁ፤ ሁለት ወጪ ነው።

ብዙ ጊዜ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራው ሐኪም ማታ በግል ክሊኒክ ያያል። ይህ ለእናንተ ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ረጅም ምርመራ በግል አድርጋችሁ፣ ክትትሉን በመንግሥት በኩል መቀጠል ትችላላችሁ። ለዚህ ግን ምርመራውን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ ማኅተም ያለበት ጽሑፍ ተቀበሉ። የጤና መድናችሁ ለግል ሕክምና ይከፍላል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ደረጃ 6፦ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ

ማስታወሻውንና ደብዳቤውን መጀመሪያ አውጡ። ታሪኩን ከልደት አትጀምሩ፤ ሐኪሙ ሌሎች ብዙ ሰዎች ይጠብቁታል። «ትኩረቱ ይበተናል፤ ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ ማስረጃው ይኸውና» በሉ።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ክብደት፣ ቁመት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት መለካት አለባቸው። ካልተለኩ ጠይቁ። አትፈሩ፤ ይህ መብታችሁ ነው። የልብ ታሪክ ካለ የልብ ምርመራ ይታዘዛል።

ከዚያ ከወንበሩ ከመነሳታችሁ በፊት፦

- የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም ምንድን ነው? አስጽፉት። የፋብሪካ ስም ከአገር አገር ይለያያል።
- አጭር ጊዜ የሚሠራው ነው ወይስ ረጅሙ?
- ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ የት ይገኛል? ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ አለ?
- ካልተገኘ ሁለተኛ ምርጫው ምንድን ነው?
- ቀጣዩ ቀጠሮ ክኒኑ ከማለቁ በፊት ነው?

አራተኛውን ጥያቄ በተለይ አትርሱ። ዋናው መድኃኒት ሜቲልፌኒዴት ነው፤ ሪታሊንና ኮንሰርታ በሚሉ ስሞች ይታወቃል። ሁልጊዜ አይገኝም። አቶሞክሴቲን አነቃቂ ያልሆነ አማራጭ ነው፤ ሙሉ ውጤቱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣ ልጁን መከታተል ያሻል። ክሎኒዲንና ኢሚፕራሚንም ሐኪሙ ሊመርጣቸው ይችላል። ኢሚፕራሚን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳል፤ ቆልፋችሁ አስቀምጡት። ሪስፔሪዶን ከተጻፈ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ለከባድ ቁጣና ድብድብ ሊታዘዝ ይችላል፤ ትኩረትን ለማስተካከል ግን መድኃኒቱ እሱ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ማዘዣውን ወደ መድኃኒት መቀየር

ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት በዓለም ዙሪያ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ለዚህ ነው በተራ ማዘዣ የማይሰጠው። ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ ማዘዣውን አንብቡ፦ የልጁ ሙሉ ስምና ዕድሜ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊግራሙ፣ ጠቅላላ ብዛቱ፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ስም፣ ፊርማና ማኅተም። አንዱ ከጎደለ ፋርማሲው ይመልሳችኋል፤ እስክትመለሱ ሐኪሙ ወጥቷል። ስርዝ ድልዝ ካለበትም አዲስ አጽፉ።

መጀመሪያ የሆስፒታሉን ፋርማሲ ጠይቁ። ከሌለ በማዘዣው ላይ «የለም» ብለው ማኅተም እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁና፣ ከጤና መድኑ ጋር ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት እንዳለ እዚያው አጣሩ። ቀጥሎ ወደ ውጭ ትወጣላችሁ። ባጃጅ ከመያዛችሁ በፊት ደውሉ። ስትደውሉ ሳይንሳዊ ስሙንና ሚሊግራሙን ተናገሩ፤ «የኤዲኤችዲ መድኃኒት አለ?» ካላችሁ ብዙ ጊዜ «የለም» ትባላላችሁ።

ኦሪጅናሉን ማዘዣ ይዛችሁ፣ ከቀበሌ ወይም ከፋይዳ መታወቂያ ጋር ቅረቡ። ልጁን ብቻውን አትላኩ። ደረሰኝ ተቀበሉ። የማብቂያ ጊዜውን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ።

*ባሕር ዳር ውስጥ ጨርሶ ከጠፋ፦*

1. ወደ ሐኪሙ ተመለሱና ሁለተኛውን ምርጫ አጽፉ። ፋርማሲስቱ በራሱ ሌላ እንዲቀይርላችሁ አትፍቀዱ።
2. አዲስ አበባ ዘመድ ካለ በስልክ ያፈላልግ። የማዘዣው ፎቶ ለመጠየቅ ይበቃል፤ ለመግዛት ግን ኦሪጅናሉ ያስፈልጋል። 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። መኖሩን ሳታረጋግጡ ማንንም አትላኩ።
3. ምርመራው ከከበደ ለአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር ጠይቁ።

*ከቶ አታድርጉ፦* ከመንደር ነጋዴ ወይም በቴሌግራም አትግዙ። ውስጡ ምን እንዳለ አታውቁም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የራሱን ልጅ ክኒን በሻንጣ እንዲልክም አትጠይቁ። ያለ ማዘዣና ያለ ፈቃድ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ይዞ ድንበር መሻገር በብዙ አገር ያሳስራል። በዱባይ የሚያልፍ መንገደኛ ደግሞ የራሱ መድኃኒት ቢሆን እንኳ ቅድመ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት

አጭር ጊዜ የሚሠራው ሜቲልፌኒዴት ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊግራም ይጀመራል፤ በየሳምንቱ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም እየተጨመረ ይሄዳል፤ በቀን ከ60 ሚሊግራም አይበልጥም። አንዱ ክኒን የሚሠራው አራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ወሳኝ ነው።

*ሰዓቱን በአማርኛ አጽፉ።* ማሸጊያው ላይ «8» የሚል ቁጥር ብቻ ከተጻፈ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው ወይስ እንደ እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት? አንድ የማውቃቸው አባት ለሳምንት ከሰዓት በኋላ ሲሰጡ ቆይተው «መድኃኒቱ አይሠራም» ብለው ነበር። ልጁ የሚማረው ጠዋት ነው።

*ፈረቃውን ተናገሩ።* ጠዋት የሚማር ልጅና ከሰዓት የሚማር ልጅ አንድ ዓይነት አወሳሰድ አይኖራቸውም። ከክፍል ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት እንዲወስድ ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ። የመጨረሻው ክኒን ከ10 ሰዓት በኋላ ከሆነ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

*መጀመሪያ ይብላ።* መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ቁርሱን በልቶ ይዋጥ። ምሳ ላይ እምቢ ቢል አትጨቃጨቁ፤ ማታ ሲለቀው ጠንከር ያለ እራት ስጡት። ምግቡ ሳይሆን ክብደቱ ነው የሚቆጠረው። በየሦስት ወሩ መዝኑት፣ ቁመቱን በየስድስት ወሩ ለኩት። የደም ግፊቱና የልብ ምቱ መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ይታይ።

*ጾም።* በዓቢይ ጾም 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ፣ ያውም የምግብ ፍላጎት በሚዘጋ መድኃኒት ላይ ሆኖ፣ ታዳጊ ልጅ በፍጥነት ይከሳል። አስቀድማችሁ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩ። ለሙስሊም ቤተሰቦችም በረመዳን ያው ነው፤ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

*ጠበል።* ልጁን ጠበል ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ መድኃኒቱንም ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ ክሎኒዲን የሚወስድ ልጅ በድንገት ካቋረጠ የደም ግፊቱ ሊያሻቅብ ይችላል። ለሁለት ሳምንት ገዳም ገብቶ መድኃኒቱን ቤት መርሳት አደገኛ ነው።

*ወዲያውኑ አቁማችሁ ሆስፒታል ሂዱ፦* ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ከሳተ፣ የሌለ ነገር ካየ ወይም ከሰማ፣ መሞት እፈልጋለሁ ካለ። ወንድ ልጅ ብልቱ ለአራት ሰዓት ያህል ቆሞ አልወርድ ካለውም አስቸኳይ ነው። ያፍራል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩት። ክሎኒዲን ከሆነ ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ክኒኑን ይዛችሁ ሩጡ።

ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማታ ላይ መነጫነጭ ግን በመጀመሪያ ሳምንታት የተለመዱ ናቸው። መዝግቧቸው፤ ለቀጠሮው አቆዩአቸው። ቀላል የሚመስል የጉንፋን ክኒን ስትገዙም ምን እንደሚወስድ ለፋርማሲስቱ ተናገሩ።

ደረጃ 9፦ እንዳይቋረጥ

ክኒኑን እናንተ ያዙ፤ እናንተ ቁጠሩ። ጓደኛ «ለፈተና አንድ ስጠኝ» ይላል፤ መስጠት ወንጀል እንደሆነና ጓደኛውን ሊጎዳ እንደሚችል ልጁ ይወቅ። 10 ቀን ሲቀር ፋርማሲ ደውሉ፤ ካለቀ በኋላ አትጀምሩ። መንገድ ወይም ኔትወርክ በሚቋረጥበት ወቅት ሐኪሙ ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል ብዛት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ካላችሁ ከወራት በፊት አስቡበት። ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው የሚፈተኑበት አሠራር ስላለ፣ ልጁ ክኒን ይዞ በር ላይ ይፈተሻል። ከሆስፒታሉ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት የያዘ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስጽፉ። አንዱን ኮፒ ለትምህርት ቤቱ ስጡ፣ ዋናውን ልጁ ይያዝ፣ አንዱ ቤት ይቅር። ክኒኑ በመጀመሪያው ማሸጊያው ውስጥ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ለፈተናው ቀናት የሚበቃው ብቻ ይሁን። አዲስ መጠን ደግሞ በፈተናው ሳምንት አታስጀምሩ፤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሰውነቱ ይልመደው።